ሳይቃጠል በቅጠል፤ ቤታችንን ማን ይይልን?



ማኅበራችን ለሐዘን ይደርሳል፤ የታመመ ይጠይቃል፤ ቤቱ ለተቃጠለበት ሰው ቆርቆሮና ምስማር ያዋጣል። ይህ ጥሩ ሥራ ነው፤ ማንም አይነቅፈውም። ነገር ግን ሁሉም የሚሆነው አደጋው ከደረሰ በኋላ ነው። ቤቱ ሳይቃጠል በፊት «ወንድሜ፣ የቆጣሪህ ሽቦ እንዴት ነው? እህቴ፣ የጓዳሽ መስኮት ይከፈታል ወይ?» ብሎ የጠየቀ የለም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እኮ ይኸው ነው።

ስለሆነም በመጪው ጠቅላላ ስብሰባ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ድንገት እንዳይሆንባችሁ ብዬ ከወዲሁ በዚህ ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ሐሳቡ አጭር ነው፤ በየዓመቱ ክረምት ከመግባቱ በፊት የሰፈራችን ቤት ሁሉ በራሳችን ሰዎች ይታይ፤ ሥራውም ከሚከራዩ ክፍሎች ይጀመር። ኮሚቴው ገና አልመከረበትም፤ የራሴ ሐሳብ ነው። የሚቃወም እንዳለም አውቃለሁ። የሰማሁትን ተቃውሞ ወደ ታች አነሣዋለሁ።

በመጀመሪያ ቤት ማየት ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ልግለጽ። በአሜሪካ አገር ቤት የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት የቤት መርማሪ ይቀጥራል። መርማሪው ጣሪያውን፣ ግድግዳውን፣ መሠረቱን፣ የመብራቱን መስመር፣ የውሃውን ቧንቧ፣ የጭሱን መውጫ፣ ደረጃውንና በሩን አንድ ባንድ ያይና ያየውን ጽፎ ይሰጣል። ግድግዳ አያፈርስም፤ ንብረት አይነካም። በዓይን የሚታየውንና በእጅ የሚሞከረውን ነው የሚመለከተው። በ1976 እ.ኤ.አ. እነዚህ ባለሙያዎች የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመው ምን ምን መታየት እንዳለበት ደንብ አውጥተዋል።

እኛ ዘንድ ቤት ሲገዛ ደላላው ፊት ፊት ይሄዳል፤ ገዢው ካርታውን ይጠይቃል፣ ካሬውን ያስለካል፣ ከአስፋልቱ ስንት እርምጃ እንደሆነ ይቆጥራል። የመብራት ማከፋፈያውን ከፍቶ ሽቦውን ያየ ገዢ ግን እኔ እስካሁን አላጋጠመኝም። ደግሞም አብዛኞቻችን ቤት አንሸጥም። ተወልደንበት፣ ወልደንበት፣ ለልጅ የምናወርሰው ነው። የማይሸጥ ቤት ደግሞ መርማሪ አይመጣለትም።

በአገራችን ሕግ የለም ማለቴ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃን በሦስት ምድብ ከፍሎ፣ ፕላንና የግንባታ ፈቃድ እንዲኖር፣ ግንባታውም በሹም እንዲታይ ብሎ ነበር የወጣው። ነገር ግን ሹም የሚያየው ቤት ሲሠራ ነው። ከሰፈራችን ቤቶች ስንቱ ነው ከዚያ አዋጅ በፊት የቆመ? ስንቱ ነው ከተሠራ በኋላ በጎን አንድ ክፍል፣ በጓሮ ሦስት ክፍል የተቀጠለበት? ቤት እንደ ሰው ያረጃል። የሽቦ ልባስ ይደርቃል፣ ቋሚ በምስጥ ይበላል፣ ምስማር ይላላል። ታዲያ ያረጀውን ማን ይይ? ከጎረቤት በቀር የሚያየው የለም።

እንግዲህ ምን ምን መታየት እንዳለበት በተራ ልዘርዝር። ከመብራት ልነሣ።

ወደ ቤታችን የሚገባው ኃይል 220 ቮልት ነው። የእንጀራ ምጣድ ብዙውን ጊዜ 3500 ዋት ገደማ ይስባል። ይህን ለ220 ብናካፍለው ወደ 16 አምፔር ይመጣል። ባለ 10 ዋት አምፖል ብናስብ አንድ ምጣድ የ350 አምፖል ያህል ይበላል ማለት ነው። ሽቦ ደግሞ እንደ ቦይ ነው። ከልኩ በላይ ውሃ ሲለቁበት ቦይ ይጣሳል፤ ሽቦም ከልኩ በላይ ሲጭኑበት ይግላል፣ ልባሱ ይቀልጣል፣ በመጨረሻ እሳት ይሆናል። ለዚህ ነው ባለሙያዎች ለመብራት ባለ 1.5፣ ለሶኬት ባለ 2.5፣ ለምጣድ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ የሚዘረጉት። እኛስ? ምጣዱን ለአምፖል በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ፣ ወይም በሦስት ቦታ በፕላስተር በተጠቀለለ ኤክስቴንሽን እንሰካና «ዛሬ መብራቱ ደከመ» እንላለን።

ብሬከር የሽቦው ዘበኛ ነው። ሽቦው ከአቅሙ በላይ ሲጫን ቆርጦ ያድነዋል። አንዳንዱ ሰው ግን «ብሬከሩ እየወረደ አስቸገረኝ» ብሎ ባለ 16ቱን ያወጣና ባለ 32 ያስገባል። ሽቦው ያው ቀጭኑ ነው። የድሮ ፊውዝ ያለው ደግሞ ፊውዙን በሽቦ ቁራጭ ያስረዋል። ይሄ ሌባ መጣ ብሎ የጮኸን ውሻ እንደ መግደል ነው። ጩኸቱ ይቀራል፤ ሌባው ግን ይገባል።

ምልክቱን ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። እንጀራው ተጋግሮ ሲያልቅ የሶኬቱን ፕላስቲክ በእጅ ጀርባ ነካ ማድረግ ነው፤ ካቃጠለ አደጋ አለ። ሶኬቱ ጠቁሮ እንደሆነ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ካለ፣ ምጣዱ ሲበራ አምፖሉ የሚፈዝ ከሆነ ባለሙያ ይጠራ። ምጣዱን ወይም ፍሪጁን ስትነኩ የሚነዝራችሁ ከሆነ ደግሞ ለነገ አይባልም። ይህ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ የመሬት መስመር ስለሌለ ወይም ስለተበጠሰ ነው። የመሬት መስመር ማለት ከማከፋፈያው ተነሥቶ መሬት ውስጥ ከተቀበረ ዘንግ ጋር የሚታሰር ሽቦ ነው። ሥራው በዕቃው ገላ ላይ የሾለከው ኃይል በሰው በኩል ሳይሆን በእሱ በኩል ወደ መሬት እንዲወርድ ማድረግ ነው። በእርጥብ እግሯ ቆማ ሊጥ ለምታሰፋ እናት ይህ ሽቦ ሕይወት ነው። ከቆጣሪው ወዲህ ያለው መስመር የባለቤቱ ኃላፊነት ነውና የኤሌክትሪክ አገልግሎት መጥቶ ይሠራልኛል ብሎ መጠበቅ አይገባም።

ኮንታክት ተነሥቶ እሳት ከታየ መጀመሪያ ዋናውን ማጥፊያ ማውረድ ነው። ኃይሉ ሳይቋረጥ ውሃ መድፋት ሰውን ይገድላል። በማከፋፈያው አጠገብ አንድ ባልዲ ደረቅ አሸዋ ማኖር ብዙ ወጪ የለውም፤ አሸዋ እንደሆነ ከቦርከና ዳር አይጠፋም። ዋናው ማጥፊያ የት እንዳለም ከቤቱ ልጆች ጀምሮ ሁሉም ሰው ይወቀው። በኪራይ ግቢ ውስጥ ማከፋፈያው በባለቤቱ ቤት ተቆልፎበት የሚገኝበት ጊዜ አለ። ባለቤቱ ገበያ ሄዶ እሳት ቢነሣ ማን ያጥፋው?

ሁለተኛው የከሰል ነገር ነው። ከሚሴ ቆላ ነውና እንደ ደጋው ሰው ለብርድ ብለን ከሰል ቤት አናስገባም፤ ይሁንና ለቡናውም ለበርጫውም ከሰሉ አለ። በሩ ገርበብ፣ መጋረጃው ወርዶ፣ ዕጣኑ እየጨሰ ብዙ ሰው ይቀመጣል። የከሰል ክፋቱ ጭሱ ሲታይ አይደለም። ጭሱ ጠፍቶ ቀይ ፍም ብቻ ሲቀር ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል፣ ቀለምም ሽታም የሌለው አየር ይወጣዋል። ይህ አየር ከደም ጋር የሚጣበቀው ከንጹሕ አየር 200 ጊዜ ያህል በበለጠ ነው። ሰውየው ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፤ ተኝቶም ይቀራል። በአገራችን ሙሉ ቤተሰብ እንዲህ ታፍኖ እንዳደረ በየጊዜው በሬዲዮ እንሰማለን። ከማንደጃው አጠገብ በጣሳ ውሃ ማኖር ያድናል የሚሉ አሉ፤ አያድንም። የሚያድነው ሁለት ነገር ነው፤ ከሰሉን ውጭ አቀጣጥሎ ማጥፋትም ውጭ፣ እንዲሁም ፊት ለፊት የተከፈቱ ሁለት ቀዳዳዎች አየሩ እንዲመላለስ። ስለዚህ ቤት የሚያይ ሰው በየክፍሉ «መስኮቱ ይከፈታል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። በየኪራይ ክፍሉ መስኮት የሌለው፣ ወይም መስኮቱ በጎረቤት ግድግዳ የተደፈነ ክፍል አለና።

የቡታጋዝ ሲሊንደር ያለው ሰውም ጎማውን በሳሙና አረፋ ይቀባ። አረፋው ከተኮፈሰ ጋዙ ይወጣል ማለት ነው። በክብሪት የሚፈትሽ ሰው እንዳለ ሰምቻለሁ፤ ኧረ እባካችሁ!

ሦስተኛው በርና መስኮት ነው። ሌባ ፈርተን መስኮቱን ሁሉ በብረት ፍርግርግ በየድነዋል፤ በሩንም በብረት ሠርተን በትልቅ ቁልፍ እንቆልፋለን። ይህ ስሕተት አይደለም። ግን ሌሊት እሳት ቢነሣ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ጭስ ሞልቶ፣ ልጆቹ በየት ይውጡ? ቁልፉ በአባትየው ኪስ ከሆነ ቤቱ ወጥመድ ነው። ቁልፉ በበሩ ጎን፣ ትልቁ ልጅ ሊደርስበት በሚችል ምስማር ላይ ይሰቀል። ቢያንስ አንዱ መስኮት ከውስጥ በመቀርቀሪያ የሚከፈት ፍርግርግ ይኑረው፤ ማንኛውም በያጅ ይሠራዋል። ልጆችን ከውጭ ቆልፎ ገበያ መሄድም ይቅር። ጎረቤት ለምንድነው?

አራተኛው የቤቱ አቋም ነው። ጭቃ ቤት ሲሆን መታየት ያለበት የቋሚው እግር ነው። ከመሬት ስንዝር ከፍ ብሎ በቢላ ጫፍ መውጋት ነው፤ ቢላው እንደ ቅቤ ከገባ ምስጥ ጨርሶታል። ግድግዳው ላይ የሚወጣው የጭቃ መስመር የምስጥ መንገድ ነው። በብሎኬት ቤት ደግሞ ስንጥቁን ማየት ነው። የፀጉር ያህል ስንጥቅ የልስን ነው፤ ብዙ አያሰጋም። ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ ሰያፍ የሚሄድ፣ ጣት የሚያስገባና በየዓመቱ የሚሰፋ ስንጥቅ ግን መሠረቱ መውረዱን ይናገራል። ሰፍቶ እንደሆነ ለማወቅ በስንጥቁ ጫፍ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጎ ቀኑን መጻፍ ነው።

ይህን የምለው በከንቱ ለማስፈራራት አይደለም። ያለነው በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነው። በግንቦት 1953 ዓ.ም. የጀመረው የመሬት መንቀጥቀጥ ለወራት ሲመላለስ ከርሞ ማጀቴን አፈራርሷታል፤ ካራቆሬንም ክፉኛ ጎድቷታል። ሁለቱም ከኛ ወደ ደቡብ ቅርብ ናቸው። ያን ጊዜ ልጅ የነበሩ ሽማግሎች ዛሬም አሉ፤ ጠይቋቸው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ መሬቱ ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ እስከ አዲስ አበባ ተሰምቷል፤ ብዙ ሕዝብም ከቀዬው ተነሥቷል። መንቀጥቀጥ ሲመጣ ቶሎ የሚናደው በጭቃ ብቻ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳና ብረት የሌለው ብሎኬት ነው። ማገሩ በደንብ የታሰረ የእንጨት ቤት ይወዛወዛል እንጂ ቶሎ አይወድቅም። ስለዚህ ብሎኬት የምትሠሩ ሰዎች በየጥጉ ፌሮ ያለው ኮለን፣ ከላይም ዙሪያውን የሚያስር ቢም አትቀንሱ። በቁም ሳጥን ላይ ሻንጣ ከምሮ ከሥሩ ልጅ ማስተኛትም ይቅር።

በጣሪያ በኩል የምንመለከተው የላላ ምስማርና የዛገ ቆርቆሮ ነው። የክረምት መግቢያ ነፋስ የላላውን ቆርቆሮ ገንጥሎ እንደ ሰይፍ ይወረውረዋል። ቆርቆሮው ነፋስ እንዳይወስደው ብለን ድንጋይና አሮጌ ጎማ የምንጭንበትም አለን፤ ድንጋዩ በማን ራስ ላይ እንደሚወርድ አናውቅም። የአሸንዳው ውሃ የት እንደሚወርድም ይታይ። የኔ ጣሪያ ውሃ የጎረቤቴን ግድግዳ ሥር የሚበላ ከሆነ ኃላፊነቱ የኔ ነው። ማኅበራችን በየክረምቱ ከሚሸመግላቸው ጠቦች መካከል የአሸንዳ ጠብ ትንሽ አይደለም። በጋ ላይ አንድ ቱቦ ቢቀጠል ክረምት ላይ ሦስት ሽማግሌ ባልደከመ ነበር።

አምስተኛው ውሃና መጸዳጃ ነው። ውሃ በየቀኑ ስለማይመጣ ብዙዎቻችን ሮቶ ሰቅለናል። የ1000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ ውሃው ብቻ 10 ኩንታል ይመዝናል። 10 ኩንታል ጤፍ በአራት የባሕር ዛፍ እግር ላይ ከልጆች መጫወቻ በላይ የሚሰቅል ሰው አለ ወይ? ውሃ ስለሆነ ብቻ ቀላል ይመስለናል። የሮቶው ቆጥ እግሩ ይታይ፤ ብየዳው ዝጎ፣ እንጨቱ በስብሶ እንደሆነ ይጠገን ወይም ሮቶው መሬት ይውረድ። የጉድጓድ ውሃ የሚጠቀም ሰው ጉድጓዱ ከመጸዳጃው ቢያንስ 30 ሜትር መራቁን በእርምጃ ይለካ፤ አፉም ልጅ በማያነሣው ክዳን ይዘጋ። በመጸዳጃው ወለል ላይ ያለው እንጨት የበሰበሰ ከሆነ ይቀየር። በግቢው የቆመ ውሃ ይፈስስ፤ በየበርሜሉና በየጎማው የተጠራቀመው ይደፋ፤ የተቀደደ አጎበር ይሰፋ። ቆላ ላይ ወባ ከእሳት ያነሰ ጠላት አይደለም።

ስድስተኛው የጋራችን ነው፤ መተላለፊያው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል የእሳት አደጋ መኪና መግቢያ አጥቶ እንደተቸገረ ሰምተናል። አዲስ አበባ ያን ያህል መኪና እያላት ከተቸገረች እኛ ምን ልንሆን ነው? በሰፈራችን አጥሩን በየዓመቱ አንድ ክንድ ወደ መንገድ የሚገፋ አለ፤ አሸዋና ድንጋይ አራግፎ ዓመት የሚያስቀምጥ አለ። ቦይ ውስጥ ቆሻሻ የሚጥል አለ፤ ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ ደግሞ ቦዩ ሲዘጋ በደካማው ቤት ነው የሚገባው። ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ይሉኝታ ይዞን ዝም ብለናል።

እስካሁን ያልኩትን የሚቃወም ብዙ አይመስለኝም። ጭቅጭቁ ያለው «ከሚከራዩ ክፍሎች ይጀመር» ባልኩት ላይ ነው። ምክንያቴን ላስረዳ።

በራሱ ቤት የሚኖር ሰው ሶኬቱ ሲጠቁር ያያል፤ ገንዘብ ሲያገኝ ያሠራል። ተከራይ ግን ቢያይም አይናገርም። ቢናገር «ካልተመቸህ ልቀቅ» ይባላል ብሎ ይፈራል። አንድ ግቢ ውስጥ ስድስት ክፍል፣ ስድስት ቤተሰብ፣ አንድ ቆጣሪ፣ አንድ ቀጭን ሽቦ አለ። ጠዋት ሦስት ምጣድ አንድ ላይ ሲበራ ሽቦው ምን ይሁን? እሳቱ ሲነሣ ደግሞ ተከራይና አከራይ አይለይም፤ ኮርኒሱን ተከትሎ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል። ከኮርኒሱም አጥር ተሻግሮ እኔና እናንተ ዘንድ ይመጣል።

ዝም የተባለ ተከራይ ምን እንደሚሆን ዓለም አይቷል። ለንደን ከተማ ውስጥ ግሬንፌል የሚባል ባለ 24 ፎቅ የመኖሪያ ሕንፃ ነበር። የኛ አገር ሰዎችም ይኖሩበት ነበር። የነዋሪዎቹ ስብስብ በኅዳር 2009 ዓ.ም. «ይህ ቤት አደጋ አለበት፤ ሰው ሳይሞትበት የሚሰማን የለም» ብሎ ጽፎ ነበር። ሰሚ አላገኘም። በሰኔ 7 ቀን 2009 ዓ.ም. ከአንድ ፍሪጅ የተነሣ እሳት በውጭ ልባሱ ላይ ተቀጣጥሎ ሕንፃውን በላው፤ 72 ሰው ሞተ። ከዓመታት ምርመራ በኋላ በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጨረሻ ሪፖርት ሞቱ ሁሉ ሊቀር ይችል ነበር ብሏል። ሀብታም አገር፣ የእሳት አደጋ መኪና የሞላበት ከተማ ነው። የጎደለው የነዋሪውን ቃል የሚሰማ ነበር።

ሕጉም ከዚህ አይርቅም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከጥቃቅኑ በቀር የቤቱን ጥገና በአከራዩ ላይ ነው የጣለው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ደግሞ ኪራይ በጽሑፍ ውል እንዲሆን ይላል። እንግዲያው በውሉ ላይ አንድ መስመር ይጨመር፤ «የመብራት መስመሩን፣ ብሬከሩንና የመሬት መስመሩን አከራዩ አሠርቶ ያስረክባል፤ ተከራዩ ያለ ፈቃድ መስመር አይቀጥልም።» ሁለቱም ወገን ግዴታ አለበት። ተከራይም ቢሆን ሳያስፈቅድ ስቶቭና ምጣድ በአንድ ሶኬት ላይ ደራርቦ «ቤቱ መጥፎ ነው» ማለት አይችልም።

እኔ ራሴ ሁለት ክፍል አከራያለሁ። ስለዚህ በሌላው ኪስ እየፈረድኩ አይደለም። ስብሰባው ከተስማማ መጀመሪያ የሚታየው ቤት የኔ ይሁን።

አሁን ወደ ተቃውሞው ልምጣ። «ጓዳዬን ለማን አሳያለሁ?» የሚል አለ። እውነት ነው፤ ጓዳ ክብር ነው። ስለዚህ ተመልካቾቹ አራት ይሁኑ፤ አንድ የመብራት ሠራተኛ፣ አንድ ግንበኛ ወይም አናጢ፣ ሁለት በሰፈሩ የተከበሩ እናቶች። ጓዳ የሚገቡት እናቶቹ ናቸው። ቀኑ ቀድሞ ይነገር፤ ባለቤቱ ቤት ካልኖረ አይገባም። በስልክ ፎቶ ማንሳት ክልክል ይሁን። የታየውም ለባለቤቱ ብቻ በወረቀት ይሰጥ እንጂ በዚህ ሰሌዳ ላይ አይለጠፍ፤ ቡና ላይም አይወራ። አፉን የማይጠብቅ ተመልካች ይሻር።

«ገንዘብ ከየት ይመጣል?» የሚልም አለ። ከዘረዘርኩት ውስጥ ብዙው ገንዘብ አይጠይቅም። ቁልፍ በምስማር ላይ መስቀል፣ መስኮት መክፈት፣ አሸዋ ማኖር፣ የቆመ ውሃ መድፋት፣ ማከፋፈያው ከቆለፈበት እንዲወጣ ማድረግ በነጻ ነው። ብሬከርና ሶኬት መቀየር ጥቂት ይጠይቃል። ሽቦ በሙሉ መቀየርና ግድግዳ ማቆም ከባድ ነው፤ ለሱ ጊዜ ይሰጥ። አቅም ለሌላቸው፣ በተለይ ብቻቸውን ለሚኖሩ አዛውንቶችና የሙት ልጅ ለሚያሳድጉ፣ ማኅበሩ ከሣጥኑ ይርዳ ወይም ያለ ወለድ ያበድር። ለተቃጠለ ቤት ቆርቆሮ የምናዋጣ ሰዎች ለአንድ ብሬከር ማዋጣት አያቅተንም። አከራዮችም በጥገናው አሳበው ኪራይ እንዳይጨምሩ ሽማግሎቻችን ይነጋገሩበት።

«ይሄ የመንግሥት ሥራ ነው» ለሚሉም፣ የከተማው ባለሙያ ቢመጣልን ደስታችን ነው፤ ደብዳቤ እንጽፋለን። እሱ እስኪመጣ ግን ሽቦው አይጠብቀንም። «አላህ ያለው አይቀርም» ለሚሉት ደግሞ በአክብሮት አንድ ነገር ልበል። እኔም አምናለሁ። ነገር ግን ከባቲ ገበያ የሚመለስ ባለግመል ግመሉን ሳያስር «አላህ ይጠብቅልኛል» ብሎ ሲተኛ አይቼ አላውቅም። አስሮ ነው ዱዓ የሚያደርገው።

ቅጣት አይኑር ነው የምለው። ቅጣት ካለ ሰው በሩን ይዘጋል፤ ያልታየ ቤት ደግሞ አይጠገንም። አንድ ነገር ብቻ ይኑር፤ ዛሬ ነገ የማይባል አደጋ የተገኘበት የኪራይ ክፍል፣ ለምሳሌ የሚነዝር ግድግዳ ወይም መስኮት የሌለው መኝታ፣ ሳይጠገን አዲስ ተከራይ እንዳይገባበት ማኅበሩ ይወስን። ባለቤቱ እንቢ ካለ ሽማግሌ ይላክበት። ሽማግሌን እንቢ ያለ ሰው ከሰፈሩ ጋር መክረሙን ያስብበት።

በስብሰባው ላይ ይህ ጽሑፍ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይነበባል። ማንበብ የማይችሉ አባትና እናቶች ካሉ ከወዲሁ አንብቡላቸው። የሚከራዩ ጎረቤቶቻችንም ይምጡ፤ አባል ባይሆኑም የመናገር መብት እንዲሰጣቸው እጠይቃለሁ። የምትቃወሙ ሰዎች ደግሞ ደጅ ላይ ከምታጉረመርሙ መድረኩ ላይ ተናገሩ፤ የተሻለ ሐሳብ ካመጣችሁ የኔን እተዋለሁ። ደህና ነው ካላችሁ መርሐባ በሉና ሥራ እንጀምር።

እስከዚያው ግን ስብሰባ የማያስፈልጋቸው ሦስት ነገሮች አሉ። ዛሬ ማታ የበሩን ቁልፍ ቦታ ለልጆቻችሁ አሳዩ። ነገ እንጀራ ስትጋግሩ የምጣዱን ሶኬት ነካ አድርጉ። ዋናውን ማጥፊያም አንድ ጊዜ አውርዳችሁ መልሱትና መሥራቱን እዩ። የነዘራችሁ ወይም ያቃጠላችሁ ነገር ካለ እስከ ስብሰባው ቀን አትጠብቁ፤ ምጣዱን ንቀሉና ባለሙያ ጥሩ። የሰፈራችንን የመብራት ሠራተኞች ስም ማኅበሩ ቢሮ መጥታችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ።

የማኅበሩ ጸሐፊ
ከሚሴ